ትንሽ አሟታል

ደሴ ውስጥ ቀኑ የሚጀምረው በአብሽር ነው። ልክ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ድምፁ በየሰው ጆሮ ባለች ማዳመጫ ይገባና ፀሐይ እንዴት እንዳደረች ይናገራል። «ደህና አደረች» ካለ ሰው ሊፍት ይሳፈራል፣ ውሃ በፓምፕ ይወጣል፣ በር በጣት አሻራ ይከፈታል። «ትንሽ ደክሟታል» ካለ ግን በደረጃ ይወረዳል፣ ባልዲ ይሞላል፣ በየበሩ ሥር ሽብልቅ ይገባል። ሽብልቋ ከእንጨት የተጠረበች፣ የጣት ርዝመት ያላት ነገር ናት፤ መብራት ድንገት ሲሄድ የኤሌክትሪኩ በር ከውስጥ እንዳይቆልፍብን ነው። ጠዋት ከቤት ሲወጣ ኪሱን የሚዳብስ ሰው ካያችሁ የሚፈልገው ሽብልቁን ነው። ሙሽሮች እንኳን ለሰርግ ሲወጡ በነጭ ሐር የተጠቀለለች ሽብልቅ ይይዛሉ።

ድምፁ የማሽን ነው፤ መዝገብ ላይ ረጅም ስም አለው። አብሽር ያልነው እኛ ነን፣ ንግግሩን ሁሉ በዚያች ቃል ስለሚጨርስ። «ፀሐይ ትንሽ አሟታል። ከሰዓት በኋላ ከቤት አትውጡ። አብሽሩ።» አብሽር እኛ ዘንድ አይዞህ፣ ያልፋል ማለት ነው። ምንም ላልሆነ ሰው አይባልም።

እንዲህ እንዲናገር የተደረገው ከመጀመሪያው ትልቅ ማስጠንቀቂያ በኋላ ነው። ያኔ ነገሩ በግልጽ ተነግሮ ነበር፤ ከፀሐይ የተወረወረው፣ የኤሌክትሪክ መስመር የሚያቃጥለው ደመና በዚህ ሰዓት ይደርሳል፣ ኃይል ይቋረጣል፣ ለስንት ቀን እንደሆነ አይታወቅም ተባለ። ደመናው ምድርን ስቶ አለፈ። ኃይልም አልተቋረጠም። ግን በአንድ የገበያ ሕንፃ ደረጃ ላይ አርባ አንድ ሰው ተረጋግጦ ሞተ። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሁለት ዓመት ከተሰበሰበ በኋላ፣ የዚህ አገር ሰው ክፉ ወሬ የሚሰማበት የራሱ መንገድ አለው ሲል ደመደመ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። እህል ሳይቀምስ አይነገርም። መጀመሪያ «ትንሽ አሞታል» ይባላል፣ ሲቆይ «ጠንቶበታል» ይባላል፣ ዘመድ አዝማድ ይሰበሰባል፣ ከዚያ ሊነጋጋ ሲል በር ይንኳኳል። ይህንን ሁሉ ለድምፁ አስተማሩት።

በጣቢያችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰንጠረዥ አምስት ደረጃ አለው። ደህና አደረች። ትንሽ ደክሟታል። ትንሽ አሟታል። ጠንቶባታል። በአምስተኛው ትይዩ ቃል የለም፤ «ሊነጋጋ ሲል ይነገራል» ብቻ ይላል። አምስተኛው ተነግሮ አያውቅም።

ረውዳ ይማም እባላለሁ። ጦሳ ተራራ ላይ ባለው የፀሐይ መመልከቻ ጣቢያ ሁለተኛ ተመልካች ነኝ። የተማርኩት ሰሜን ኖርዌይ፣ በክረምት ፀሐይ ሁለት ወር በማትወጣበት ከተማ ነው። እዚያ ሳለሁ አባቴ ሞተ። ለሰባት ወር «ትንሽ አሞታል» ተባልኩ። እናቴ ጋ ስደውል «ደህና ነው፣ ብቻ ተኝቷል፣ አንቀስቅሰው» ትለኛለች። ፈተናዬን ጨርሼ ስመጣ ልብሱን ካርቶን ውስጥ ተጣጥፎ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ እነዚያን ሁለት ቃላት ስሰማ ጥርሴን እነክሳለሁ። ቁጥር እንደ ቁጥርነቱ ይነገር ባይ ነኝ። እርግጥ ይህን ያልኩበት ስብሰባ ሁሉ በሳቅ ነው ያለቀው፤ እኔም አንዳንዴ፣ አገሩን የማያውቅ ሰው ነኝ ወይስ የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኝ እያልኩ አድራለሁ።

ሰማይ ላይ ሆነው ፀሐይን የሚጠብቁልን መንኮራኩሮች ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ በአንድ ዝም ብለዋል። ምትክ ሆነው የሄዱትም አልቆዩም። ስለዚህ ሥራው ወደ ድሮው ተመለሰ፤ ከፍ ያለ ተራራ፣ ቴሌስኮፕ፣ ነጭ ወረቀት፣ እርሳስ። የፀሐይ ምስል በቴሌስኮፑ አልፎ ወረቀቱ ላይ ያርፋል፣ የሻይ ሰሐን የሚያክል ብሩህ ክብ ሆኖ። ላይዋ ላይ ያሉትን ጥቁር ነጥቦች በእርሳስ እየተከተልን እንስላለን፣ እንቆጥራለን፣ ቁጥሩን ለማዕከል እንልካለን። የተቀረውን ድምፁ ይጨርሰዋል።

ጋሽ አረጋ መንኮራኩሮቹ ሳሉም ጀምሮ ይህንን ሲሠሩ ሠላሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ እርሳስ ከጆሮአቸው ላይ የማይለይ ሰው ናቸው። ፀሐይን «ይቺ ልጅ» ይሏታል።

ኅዳር አስራ አራት ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አጎንብሰው ሲስሉ «ይቺ ልጅ ዛሬም ፊቷን አልታጠበችም» አሉ። መሀሏ ላይ ያለው የነጥቦች ክምችት ከእሁድ ጀምሮ ሲያድግ ሰንብቶ በእሳቸው አውራ ጣት የማይሸፈን ሆኗል። «ስንት አልሽ?»

«ስልሳ ሁለት።»

«ስልሳ አራት ነው። ሁለቱ ጥግ ይዘው ተደብቀውብሻል። ኖርዌይ መቁጠር አያስተምሩም?»

«ፀሐይ የላቸውም ጋሽ አረጋ። በምን ያስተምሩን?»

ሳቁ። «የሻረግ ትናንት ማታ ምን አለችኝ መሰለሽ? ከእኔ ፊት የእሷን ፊት ነው የምታውቀው አለችኝ።»

«አልዋሹም።»

«አልዋሸችም» አሉ።

እትዬ የሻረግ ባለቤታቸው ናቸው። ሮቢት ሰፈር ይኖራሉ፤ ሳንባቸው ደካማ ስለሆነ ሃያ ዓመት ሙሉ የሚተነፍሱት በማሽን ነው።

አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ጋሽ አረጋ ድንገት መቁጠር አቆሙ። ወረቀቱን አየሁት። በጥቁሮቹ ነጥቦች መካከል ሁለት ነጭ ነጥቦች በርተዋል። በነጭ ወረቀት ላይ፣ ከፀሐይ በላይ የነጡ፣ የባቄላ ቅርፅ ያላቸው። ዓይኔን ጠርጌ እንደገና አየሁ። እየተቀራረቡ ለአምስት ደቂቃ ያህል ቆዩና እንደ ክብሪት ጠፉ። ከኋላችን የምድርን ማግኔት የሚለካው መርፌ ዘሎ ጠርዙን መታ። ጋሽ አረጋ እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ስዕል ሳይጨርሱ እርሳስ ሲያስቀምጡ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

የደመናውን ፍጥነት ከሬዲዮ መቀበያው አውጥተን፣ አስልተን፣ ደግመን አስልተን ስንጨርስ ሰባት ሰዓት ሆነ። እስከ ዛሬ ያየናቸው ደመናዎች ሁሉ ምድር ለመድረስ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ይፈጅባቸው ነበር። የዛሬው አስራ ሰባት ሰዓት ነው የሚፈጅበት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ይደርሳል።

ሁለታችንም ቀና ብለን ሰንጠረዡን አየን። ሊነጋጋ ሲል ይነገራል። በመመሪያው ሊነጋጋ ሲል ማለት አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ከደረሰ ሁለት ሰዓት ከአስር ደቂቃ በኋላ።

ማዕከል ደወልኩ። ያነሳችው ስንዱ ናት፣ የመልእክት ክፍል ኃላፊዋ። ለዓመታት በስልክ ነው የምንተዋወቀው።

«ስንዱ፣ አምስተኛ ነው» አልኳት።

«እሺ የኔ እመቤት። ቁጥሩ ደርሶናል። አንቺስ እንዴት ነሽ?»

«ሌሊት ይደርሳል እኮ። አሁኑኑ መነገር አለበት።»

«አምስተኛው የሚወጣው ሊነጋጋ ሲል ነው። ታውቂው የለ።»

«ሊነጋጋ ሲል ድምፁ የሚናገርበት ኃይል አይኖርም ስንዱ።»

ከጀርባዋ የብዙ ሰው ኮቴ ይሰማኛል። ከዚያ «ኮሚቴው ለነገ ጠዋት ተጠርቷል» አለች። ድምፅዋ ለስላሳ ሆነ። «ረውዳ፣ እህል ቀምሰሻል?»

«አልቀመስኩም።»

«ቅመሺ እንጂ። ብቻሽን ነሽ?»

«ጋሽ አረጋ አሉ።»

«ጥሩ። አብራችሁ ሁኑ።»

ስልኩን ዘጋሁት። ድምፁ ከእኛ እንደተማረ ሁሉም ሰው ያውቃል። እኛም መልሰን ከእሱ መማራችንን ያወቅሁት ያን ሰዓት ነው።

ከሰኞ ገበያ በላይ የድሮ የመኪና ዋሻ አለ። ግድግዳው በመዳብ መረብ ተሸፍኗል፣ ውስጡ ለሳምንታት የሚበቁ ባትሪዎች ተደርድረዋል። የተሠራው እንዲህ ላለ ቀን ነው። ከመጀመሪያው ልምምድ ወዲህ ግን ማንም አልገባበትም። እናቴ ደረቷ ውስጥ ልቧን የሚያግዝ ፓምፕ አላት፤ በየስምንት ሰዓቱ ባትሪው ካልተሞላ ይቆማል። መብራት ለሳምንት ከጠፋ እናቴ መትረፍ የምትችለው እዚያ ብቻ ነው። እትዬ የሻረግም እንደዚሁ።

«ሂጂ» አሉኝ ጋሽ አረጋ። «እኔ እስክትጠልቅ እጠብቃታለሁ። ዳግመኛ ልትወረውር ትችላለች፤ የሚያያት ሰው ያስፈልጋል። የመጨረሻውን ኬብል ካር ይዤ እወርዳለሁ።»

«እትዬ የሻረግስ?»

«በመንገድሽ ነው ሮቢት። ዋሻው አድርሺልኝ።»

«አደርሳቸዋለሁ» አልኩ። እርሳሳቸውን ከጠረጴዛው አንስተው ጆሮአቸው ላይ መለሱና ወደ ወረቀቱ ዞሩ።

ኬብል ካሩ ውስጥ አስር ያህል ሰው ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ በዚህ ሰዓት ድምፁ አይናገርም። ያን ቀን ግን ሁሉም ሰው እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል።

«አብሽር ምን አለሽ እህቴ?» አለች ሽንኩርት በዘንቢል የያዘች ሴት፣ አጠገቧ ለተቀመጠችው።

«ትንሽ ደክሟታል አለኝ። አንቺንስ?»

«እኔን ትንሽ አሟታል።»

«አንድ ፀሐይ አይደለች እንዴ ያለችው?» አለ በሩ አጠገብ የቆመ ወፍራም ሰው። «አንቺ ጋ ታማ እሷ ጋ እንዴት ትደክማለች?»

«አንተን ምን አለህ ታዲያ?»

ሰውዬው ፈገግ አለ። «እኔን ስለ ፀሐይ ምንም አላለኝ። እናትህን ጠይቃት፣ ናፍቃሃለች አለኝ።»

ሽንኩርት የያዘችው ሴት ዘንቢሏን ወደ እግሯ ሳበች። ድምፁ ለእያንዳንዱ ሰው እንደ አቅሙ እንደሚናገር እናውቃለን። ብዙ የሚያጣ ሰው ለስለስ ያለውን ይሰማል።

«የጣቢያው ሠራተኛ ነኝ» አልኩ። «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ መብራት ይጠፋል። ምናልባት ለሳምንታት። ዛሬውኑ ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ዋሻ ግቡ።»

አዩኝ። ሽንኩርት የያዘችው ሴት ከጫማዬ ጀምራ እስከ ፀጉሬ አየችኝ። «ምነው የኔ ልጅ» አለች በሐዘኔታ፣ «ማን ሞቶብሽ ነው?»

ወፍራሙ ሰውዬ ዝቅ ባለ ድምፅ «ተዪያት፣ ጤና የላትም» አላት። ደርሰን በሩ ሲከፈት ሰው መንገድ ለቀቀልኝ።

እትዬ የሻረግ መስኮት ሥር ተቀምጠው ጥልፍ ይጠልፋሉ። ማሽናቸው ከአጠገባቸው ሽው ይላል፣ ያርፋል፣ ሽው ይላል። ስገባ ፊታቸው በራ።

«ነይ ነይ፣ ዛሬ እኮ ደህና ናት። እንደዚህ ደህና ሆና አታውቅም አለኝ። አረጋም አምሽቶ ይመጣልሻል አለኝ።»

«እትዬ፣ ደህና አይደለችም። ሌሊት መብራት ይጠፋል፣ ማሽኑ ይቆማል። አሁን ዋሻ መግባት አለብን።»

መርፌያቸው አየር ላይ ቀረ። «አንቺ ልጅ፣ ለሰው እንዲህ ይነገራል? ተቀመጪ መጀመሪያ።»

«መቀመጫ ጊዜ የለንም። ትንሿ የኦክስጅን ጠርሙስ ለአርባ ደቂቃ ትበቃለች፤ እሷን ይዘን ብንወጣ እንደርሳለን። አሸካሚ እጠራለሁ።»

«አረጋ ሳይመጣ?»

«እሳቸው ናቸው የላኩኝ።»

«ቢልክሽ ራሱ ይነግረኝ ነበር» አሉ። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ በማሽኑ ምት ሦስት ቦታ የተቆራረጠ ሳቅ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት እሱ እሷን ሲጠብቅ፣ እኔ እሱን ስጠብቅ ነው የኖርነው። ዛሬ መጥቶ ቤቱን ባዶ ቢያገኘው ምን ይለኛል? ሲመጣ አብረን እንመጣለን።»

ጣቢያው ደወልኩ፣ ጋሽ አረጋ አላነሱም፤ ቴሌስኮፑ ላይ ሲሆኑ አያነሱም። ወጥቼ ሁለት ጎረቤቶች ለመንኩ። አንደኛው ጆሮውን እያመለከተ «እኔን ደህና ናት ብሎኛል» አለኝ። ሌላኛው እሳቸውን እንዳላስደነግጣቸው መከረኝ። ስመለስ እትዬ የሻረግ ጥልፋቸውን ቀጥለዋል። ሽብልቄን አውጥቼ በራቸው ሥር አስገባሁ።

«አብሽሪ» አሉኝ ስወጣ።

እናቴ ሸዋበር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ጦይባ ትባላለች፣ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። በሩን ስከፍት ጫማዋን አድርጋ፣ ትንሽ ሻንጣ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ቆየሽ» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«አብሽር ነዋ። ደህና ናት አለኝ። ሦስት ጊዜ። አንዱ ይበቃ ነበር እኮ።» ሻንጣዋን አነሳች። «ቀጠለና፣ ደህና ናት፣ ብቻ ተኝታለች፣ አንቀስቅሳት አለኝ።»

ቆሜ ቀረሁ።

«አዎ» አለች። «ይሄ የኔ አነጋገር ነው። ኮሚቴዎቹ ሰው እንዴት እንደሚያረዳ የተቀዳ ነገር ሲያሰባስቡ፣ ካንቺ ጋር የተነጋገርነውን የሰባት ወር ስልክ ሰጠኋቸው። የምስጋና ወረቀት ልከውልኛል፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አለ።»

«እማ።»

«በኋላ ትቆጪኛለሽ። ሰዉን ምን ብለሽ ነገርሽው?»

«እውነቱን። ማንም አልሰማኝም።»

«እውነት በአፍ ይነገራል እንዴ?» አለች።

በደረጃው ቀስ እያለች ወረደች። ግቢው ውስጥ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ሴቶች ልብስ ያሰጣሉ፣ ወንዶች ውሃ ታንከሩ ሥር ካርታ ይዘዋል። እናቴ መሀል ላይ ቆመች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ለበሰችው። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፣ አልተናገረችም።

ኳሱ ቆመ። ልብስ የምታሰጣው ሴት እርጥቡን እንደያዘች መጣችና አጠገቧ ተቀመጠች። ካርታው ተበተነ። ከየፎቁ ሰው መውረድ ጀመረ፤ ሴቶቹ ደረጃው ላይ እያሉ ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግቢው ሞላ። ከኋላ የመጣች አንዲት ወጣት ሴት «ማን ነው? ማን ነው የሞተው?» ብላ ጠየቀች።

እናቴ እጇን አንስታ ወደ ጦሳ አመለከተች። ፀሐይ ተራራው ጫፍ ልትደርስ አንድ ክንድ ቀርቷታል። ቢጫ፣ ንጹህ፣ እንደ ወትሮዋ ነበረች።

ማንም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። በየሰው ጆሮ ድምፁ «ደህና ናት» ይላል። ሰው ገብቶ ብርድ ልብሱን፣ ጀሪካኑን፣ ሽማግሌውን ይዞ ወጣ። ስንሄድ ከየግቢው የሚያየን ሁሉ፣ ቀብር የሚሄድ ሰው ሲያዩ እንደሚያደርጉት ዝም ብሎ ተከተለን። ዋሻው በር ስንደርስ ሦስት መቶ እንሆናለን። የሮቢት ሰው ግን አልነበረም፤ ሮቢት በሌላ በኩል ነው።

መንገድ ላይ ጋሽ አረጋን አገኘኋቸው፣ በስልክ።

«ልትጠልቅ ነው» አሉኝ። «ሁለተኛ አልወረወረችም። የሻረግ ገባች?»

«እርስዎን ካላየሁ አልወጣም አሉ። እርስዎ ሲመጡ አብረው ሊገቡ ነው።»

«እሷ ናት» አሉ እየሳቁ። «እሺ፣ አሁን እወርዳለሁ።»

ልመለስ አሰብኩ። ነጠላ ከሰው ለምኜ፣ አዘቅዝቄ፣ እትዬ የሻረግ ደጅ መሬት ላይ እቀመጣለሁ አልኩ። ግን የእናቴን ፓምፕ ከዋሻው ባትሪ ጋር የሚያገናኘው ሰው ገና አልመጣም፤ እሷም ከእርምጃው ብዛት ከንፈሯ ጠቁሯል። እጄን ያዘችው።

«አረጋ ይወርዳል» አለችኝ። «ይዟት ይመጣል። አብሽሪ።»

ሰባት ወር የዋሸችኝ ሴት ናት። አመንኳት። ስለደከመኝ ነው፤ እንዲሆንልኝ ስለፈለግሁም ነው። ፓምፑን ካገናኘን በኋላ ግድግዳ ተደግፌ በሩን ሳይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ኬብል ካሩ ከምሽቱ በአስራ ሁለት ሰዓት፣ ጋሽ አረጋ ሳይሳፈሩ፣ እንዲቆም ተደርጎ ነበር። ለተሳፋሪ የተነገረው ለጥገና ነው ተብሎ ነው።

ደመናው ከገመትነው አስራ ሦስት ደቂቃ ቀድሞ ደረሰ። የነቃሁት በጩኸት ሳይሆን በዝምታ ነው፤ ከተማው የሚያሰማው ድምፅ ሁሉ ባንድ ጊዜ ቆመ። ስወጣ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነበር፣ እንደ ፍም። በዚያ ብርሃን ከሁለት ጎረምሶች ጋር ሮቢት ሮጥን፤ መንገዱ በቆሙ መኪኖችና በሰው ተዘግቶ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። እትዬ የሻረግ በር በሽብልቄ እንደተያዘ ክፍት ነበር። ትንሿ ጠርሙስ ባዶ ሆና ጉልበታቸው ላይ ተኝታለች። ጥልፉ አልቆ ተጣጥፏል። ሽብልቋን ከበሩ ሥር አላወጣኋትም።

አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዋሻው በር ላይ ቆሜ ነበር። የአምስተኛው ቃል ሰዓት ነው። እጄ ሳላዝዘው ወደ ጆሮዬ ሄደ። ምንም የለም። ከኋላዬም ብዙ ሰው እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ቀዩ ከሰማይ ላይ እየደበዘዘ በምሥራቅ በኩል ነጣ ማለት ጀመረ።

ጋሽ አረጋ የመጡት ያን ሰዓት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከጦሳ በእግር ሲወርዱ ነው ያደሩት። ጫማቸው አቧራ ለብሷል፣ ጉልበታቸው ላይ ሱሪያቸው ተቀዷል፤ የተጠቀለለ ወረቀት ብብታቸው ሥር፣ እርሳሳቸው ጆሮአቸው ላይ።

«ሰማዩን አየሽው?» አሉኝ ከሩቁ። «ፋኖስ አላስፈለገኝም። ሦስት ቦታ ቁጭ ብዬ ስዬዋለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት እንዲህ ያለ ነገር—» ደረሱ። በትከሻዬ ላይ አሳልፈው ወደ ውስጥ፣ በየግድግዳው ሥር ወደ ተኙት ሰዎች አዩ። «ገና ሰፈር ሳልደርስ እዚህ መጣሁ፣ ሰው ሁሉ ዋሻ ገብቷል ሲሉኝ። የሻረግ የት ጋ ናት?»

የማውቀውን አውቃለሁ። ማሽኑ የቆመበትን ሰዓት አውቃለሁ፣ ጠርሙሷ ከዚያ በኋላ የምትቆየውን ደቂቃ አውቃለሁ፣ እኔ የተኛሁበትን ሰዓት አውቃለሁ። ሁሉንም በተራ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

«ትንሽ አሟቸዋል» አልኩ።

ጋሽ አረጋ አዩኝ። እናቴ ከኋላዬ ተነስታ መጥታ በቀኛቸው ቆመች። ልብስ ስታሰጣ የነበረችው ሴትም መጣች፤ በግራቸው ቆመች።

«ጋሽ አረጋ» አልኩ፣ «እህል ቀምሰዋል?»

እርሳሳቸውን ከጆሮአቸው ላይ አነሱና ጎንበስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት።